ከቀብዱ በፊት ስለ ድመቷ ተናገሩ

ደሴ ላይ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው የደላላውን ጥያቄ በቃሉ ያውቀዋል። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ሥራህ የት ነው? እንግዳ ይበዛባችኋል? እንስሳ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ተከራዩም ቤቱ እንዳያመልጠው ብሎ አያነሳውም። ቀብድ ይሰጣል፣ ዕቃ ይገባል፣ ሰንበት ሲል ድመቷ በመስኮት ብቅ ትላለች ወይም ቡችላው ሌሊት ማላዘን ይጀምራል። አከራይ “ይሄ እኮ አልተነገረኝም” ይላሉ። ተከራይ “አልተከለከልኩም እኮ” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጸቡ የሚከረውም ለዚህ ነው።

ሕጉ ለዚህ ጸብ የተዘጋጀ መልስ የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ሰፊ ክፍል አለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ሁለቱም ውስጥ ግን ተከራይ ውሻ ወይም ድመት ማሳደር ይችላል ወይም አይችልም ብሎ በስም የሚደነግግ አንቀጽ የለም። ስለዚህ በኪራይ ቤት እንስሳ የማሳደር መብት የሚገኘው ከውሉ ነው። ውሉ ላይ ከተጻፈ አለ። ካልተጻፈ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የለም ማለት አይደለም፤ እየተንጠለጠለ ይኖራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሉ ስለ እንስሳ ዝም ካለ፣ ድመት ማሳደሩ ብቻውን ውል ማፍረስ አይሆንም። ዘመኑ የተወሰነ ውልን አከራይ ከጊዜው በፊት አቋርጦ ቤቱን ለማስለቀቅ ሕግ የሚቀበለው ምክንያት ያስፈልገዋል። ከእነዚያ ምክንያቶች ውስጥ ግን በቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስና የጎረቤትን ሰላም ደጋግሞ መንሳት አሉበት። ኮርኒስ የቀደደች ድመት፣ ሌሊቱን ሙሉ ግቢውን እንቅልፍ የሚነሳ ውሻ በእነዚህ በሮች ይገባሉ። ጭምት ድመት ያለው ተከራይ አንድም ወረቀት ሳይኖረው ዓመታት ሊኖር ይችላል። በቃል “ችግር የለውም” የተባለለት ባለ ውሻ ደግሞ ውሻው በመጮሁ ምክንያት በክርክሩ ሊሸነፍ ይችላል። ፈቃድ አንድ ነገር ነው፣ አያያዝ ሌላ ነገር ነው፤ ተከራይ ሁለቱንም በእጁ መያዝ አለበት።

አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚከራይ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ቀበሌው ወይም የከተማው ቤቶች ጉዳይ ክፍል ሄዶ አዋጁ በከተማው ሥራ ላይ ውሏል ወይ፣ ውልስ የሚመዘገበው የት ነው ብሎ ይጠይቅ። አዋጁ በሚሠራበት ቦታ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ተረጋግጦ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ይህ ለባለ እንስሳ ትልቅ ነገር ነው። ወር በወር በቃል የሚኖር ተከራይ “ውሻውን አውጣ ወይ ሁለት ሺህ ጨምር” ሲባል የሚመልሰው የለውም። 2 ዓመት የተመዘገበ ውል ያለው ግን ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መሠረት መሆኑን ጠቅሶ መልስ ይሰጣል። በ6,000 ብር ቤት ላይ “የውሻ” ተብሎ የ4 ወር ቅድሚያ ቢጠየቅም ጣሪያው 12,000 ብር መሆኑን ያሳያል። አዋጁ ባልደረሰበት ቦታ የሚዳኙት በፍትሐ ብሔር ሕጉና ራሳችሁ በጻፋችሁት ውል ነው፤ እዚያ የውሉ አንቀጽ ክብደት ይብሳል።

የንግግሩ ጊዜ ከቀብዱ በፊት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ድመቷን ደብቆ ቀብድ የከፈለ ሰው፣ አከራይ ከሰሙ በኋላ “አልፈልግም” ቢሉ ገንዘቡ በማን ጥፋት እንደቀረ ወደማያልቅ ክርክር ይገባል። አስቀድሞ የተናገረ ሰው ግን ቢበዛ አንድ ቤት ያልፈዋል። አነጋገሩም ይከብዳል ተብሎ የሚፈራውን ያህል አይደለም። “እትዬ፣ ቤቱ ተስማምቶኛል። አንዲት ድመት አለችኝ፤ የክትባት ካርዷ ይኸው። ካልከበደዎት ውሉ ላይ እናስገባት” ይበቃል። ደላላ ሲሰማ “አሁን ተወው፣ ከገባህ በኋላ ይለምዷታል” ማለቱ አይቀርም። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፤ ግቢው ውስጥ ከአከራይ ጋር ፊት ለፊት የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።

ወሎ ውስጥ ሌላም ጥንቃቄ አለ። የቤቱ ባለቤት ዓረብ አገር ሆነው ኪራይ የሚሰበስበው ወንድም ወይም የእህት ልጅ የሆነበት ግቢ ብዙ ነው። ባለቤቷ ከጅዳ በኢሞ ደውለው “ምንም አይደል፣ ይኑር” ቢሉ ደስ ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወኪሉ ሲለወጥ ግን ያ ቃል የትም አይገኝም። ውል የሚፈርመው ሰው ውክልናውን ያሳይ፤ ውክልናው ቤት ማከራየትና ውል መፈረም የሚል መሆኑ ይነበብ፤ የእንስሳው አንቀጽም እሱ ከሚፈርመው ወረቀት ላይ ይግባ። ገንዘብ እንዲቀበል ብቻ የተላከ ሰው ፈቃድ መስጠት አይችልም።

አንቀጹ አጭር ሆኖ አራት ነገር መያዝ አለበት፤ የትኛው እንስሳና ስንት፣ የት እንደሚውልና እንደሚያድር፣ ጉዳት ቢያደርስ ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚተመን፣ ቅሬታ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

“ተከራይ አንዲት ግራጫ ድመት በተከራየው ክፍል ውስጥ እንዲያሳድር አከራይ ፈቅደዋል። ድመቷ በቤቱ፣ በኮርኒሱና በግቢው ላይ ከመደበኛ እርጅና ውጭ የምታደርሰውን ጉዳት ተከራይ ያሳድሳል ወይም ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት ባለሙያ ግምት ይከፍላል። አከራይ ቅሬታ ሲኖራቸው በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ ተከራይም በ15 ቀን ውስጥ ያስተካክላል። ቅሬታው ሳይስተካከል ቢቀር ድመቷን ያስወጣል እንጂ የኪራይ ውሉ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አከራይ ላይወዷት ይችላሉ። ተከራካሩላት። ክርክሩ ሲነሳ የሚወጣው እንስሳው እንጂ ቤተሰቡ እንዳይሆን የምታደርገው እሷ ናት። “ግራጫ” እና “አንዲት” የሚሉትም ትርፍ ቃላት አይደሉም። ድመት ትወልዳለች፤ አንዷ በዓመቱ አምስት ስትሆን አከራይ የፈቀዱት አምስቱን አይደለም። ለውሻ ከሆነ ደግሞ የሚታሰርበት ቦታ በስሙ ይጻፍ፦ “ከጓሮ በኩል፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ” ተብሎ።

ብዙ አከራዮች ውሻ የሚከለክሉበትን ምክንያት አውቆ መሄድ ከጭቅጭቅ ያድናል። ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፤ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር የሚያጥቡ አሉ። የውዱ (ከሶላት በፊት የመታጠብ) ማንቆርቆሪያ ቧንቧው ሥር በሚቀመጥበት፣ የመስገጃ ልብስ ገመድ ላይ በሚሰጣበት ግቢ ልቅ ውሻ ማለት የአከራዮቹን ሶላት የሚነካ ጉዳይ ነው። ይህ ንቀት ወይም ጭካኔ አይደለም፤ መከበር ያለበት ነው። ተከራዩ ራሱ ቀድሞ “ከቧንቧውና ከልብስ ማስጫው አይደርስም፣ ሰንሰለቱ እስከዚህ ነው” ብሎ ቦታውን በእግሩ ለክቶ ቢያሳይ፣ “አይሆንም” የነበረው መልስ ሲለወጥ ይታያል። ድመት ላይ ይህ ችግር የለም፤ አይጥ የሰለቻቸው አከራይ እንዲያውም ይወዷታል።

ስለ ቤቱ ደግሞ። በሁለቱም ከተሞች ብዙው የኪራይ ክፍል የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሸራ ነው። ድመት የምታበላሸው ኮርኒሱን ነው። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ትገባለች፣ አይጥ ስታባርር ስፌቱን ትተረትራለች፣ እዚያው ላይ ትሸናለች። ቢጫ ክብ ነጠብጣብ ሲታይና ጨርቁ ሲረግብ ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመግባታችሁ በፊት ክፍተቱን በዶሮ ሽቦ መዝጋት፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በትንሽ ሚስማር ማያያዝ። ይህን ሲሠሩ አከራዩን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ወጪውንም ማን እንደሚችል ያኔ መነጋገር ነው። አይጥም ስለሚያግድ ብዙ ጊዜ አከራዩ ይጋራሉ።

ለድመቷ መጸዳጃ ጠፍጣፋ ሳፋ ይበቃል። ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነጥፎበት፣ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሳል፣ ሰጋቱራው በሳምንት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ሳፋው ከምግቧ ጎን ከተቀመጠ ድመቷ አትጠቀምበትም፤ አልጋ ሥር ትሄዳለች። ሊሾ ላይ ከሸናች በጨርቅ መምጠጥ እንጂ መፈግፈግ አያስፈልግም። ከዚያ በውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየትና በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። አቼቶ ሲሚንቶን ቀስ በቀስ ስለሚበላ ረጅም ሰዓት አይተውበት። በረኪና ግን ፈጽሞ አይሞከር። በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ውሻ ሲሆን ዋናው ነገር ድምፁ ነው። ደሴ ላይ ጅብ ሌሊት ወደ ሰፈር ይወርዳል፤ ውሻ ለዚያ ቢጮህ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ቀኑንም ሌሊቱንም የሚያላዝነው ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ሰንሰለት፣ ብርድ ወይም ብቸኝነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሰውም አይመች። የውሻው ጎጆ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በብሎኬት ከፍ ይበል፣ አፉ ከነፋሱ ይዙር፣ ክረምት ላይ ገለባው ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ሰንሰለቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይሁን፤ በቀን ሁለቴም ይፈታና ይንሸራሸር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ብርዱ ይቀንሳል፣ ቁንጫውና መዥገሩ ይብሳል፤ ግቢውን የሞላ ቁንጫ ደግሞ የባለ ውሻው ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩና አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ ወጣቶች ውሻ ባያሳድጉ ይሻላል። ቤቱ ስምንት ሰዓት ባዶ ይሆናል፣ ውሉም ብዙ ጊዜ በአንዱ ስም ብቻ ነው፤ ያ ሰው ሲወጣ የእንስሳው ፈቃድ አብሮት ይወጣል።

ክትባት ለክርክርም ለሕይወትም ነው። ውሻም ድመትም በ3 ወር ዕድሜው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይወስዳል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ባለሙያ ፈልጎ ማጣት አይቻልም። የካርዱ ቅጂ ከውሉ ጋር ይያያዝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ሊገመት የማይችል ጉዳት ቢሆን እንኳ። “ታስሮ ነበር፣ ገመድ በጥሶ ነው” ማለት አያድንም። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ የተነከሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። በሽታው ኖሮበት ሲነክስ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምልክቱ ይወጣል ወይም ይሞታል፤ ወዲያው ከተገደለ ሐኪሙ የሚያውቅበት መንገድ ይጠበዋል። በበዓል እርድ ጊዜም የበጉን ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ይቅር። ውሃ የቋጠረው ሳንባ ውስጥ ያለው ትል ውሻ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ለሚጫወቱ ልጆች ይደርሳል። ተቀብሮ ወይም ተቃጥሎ ይወገድ።

ነገሩን ገልብጠን እንየው፤ በብዙ ግቢ ውሻው የአከራዩ ነው። ያ ውሻ የተከራይን ልጅ ቢነክስ ያው አንቀጽ 2071 በአከራዩ ላይ ይሠራል፤ የሕክምና ወጪውን መጠየቅ መብት ነው፣ ድፍረት አይደለም። ደረሰኝ ይያዝ፣ ቀኑ ይጻፍ። ባለቤቱ ሌላ አገር ሆነው ውሻውን የሚያበላውና የሚያስረው ተከራይ ከሆነ ግን ይህ አደራ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ውሻው የማን እንደሆነ፣ የምግቡንና የክትባቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ። ካልሆነ ጎረቤት ሲነከስ ጣት የሚቀሰረው በቅርብ ባለው ላይ ነው።

ስትገቡ ቤቱን በስልክ ፎቶ አንሱ፦ በሩን ከታች በኩል፣ የመስኮቱን እንጨት፣ የኮርኒሱን አራት ማዕዘን፣ ሊሾውን፣ የግቢውን ተክል። በዚያው ቀን በቴሌግራም ለአከራዩ ወይም ለወኪሉ ላኩት፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። የተሰነጠቀውንና የቆሸሸውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ይህ ካልተደረገ ስትወጡ ድሮ የነበረ ጭረት ሁሉ የውሻው ይሆናል።

ጸብ ከተነሳም ተራ አለው። ቅሬታው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለው ሲጻፍ ግማሹ ቁጣ ይበርዳል። ያስተካከላችሁትን በፎቶ አሳዩ። ካልሆነ ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸውን ሽማግሌ ከሰፈሩ ወይም ከእድሩ አስገቡ፤ እዚህ አገር ትልቁ ጉዳይ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ስምምነቱም ይጻፍና ይፈረም። ያም ካልያዘ ቦታው ፍርድ ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ ኪራዩን በቀኑ ክፈሉ፤ ኪራይ ያዘገየ ተከራይ ስለ ድመቱ የሚያነሳው ክርክር ሁሉ ይወድቅበታል። አከራይም በራሳቸው ቁልፍ መቀየር፣ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይችሉም፤ ማስለቀቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እንስሳውን መርዝ ማብላትም የሰው ንብረት ማጥፋት ነውና በፖሊስ ያስጠይቃል።

ስትወጡ ሳፋውንና ጎጆውን አንሱ፣ ሊሾውን እጠቡ፣ ሽቦውን ግን ካልተጠየቃችሁ አትንቀሉት። የመግቢያውን ገጽና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ከአከራዩ ጋር ክፍሉን አብራችሁ ዙሩ። የሚጠገን ካለ በውሉ መሠረት አስተምኑና ክፈሉ። ቁልፉን ስታስረክቡ “ቤቱን በደህና ተረክቤያለሁ፣ ከተከራይ የምፈልገው ገንዘብ የለም” የሚል የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉ፤ ፊርማው ሳይገኝ ቁልፉ ከእጃችሁ አይውጣ።